ርካሹ ከተማና አምስቱ ዓመታት፦ በአሊካንቴ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ጉዳይ

በስፔን ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ የምትገኘው አሊካንቴ የሰሜን አውሮፓ ጡረተኞች ጓዛቸውን ጠቅልለው ከሚገቡባቸው የሜዲትራኒያን ከተሞች አንዷ ናት። ከስፔን አውራጃዎች ሁሉ የብሪታኒያ ዜጎች በብዛት ተመዝግበው የሚኖሩት በዚችው ከተማ ስም በሚጠራው አውራጃ ነው። ስለ ከተማዋ የሚነገረው ከሞላ ጎደል ስለ ዋጋ ነው፤ የቤት ኪራዩ፣ የገበያው፣ እስከ ቤኒዶርም የሚወስደው የባሕር ዳር ትራም ዋጋ። የሚነገረውም ሐሰት አይደለም። ሆኖም አንድ ጡረተኛ በዚያ ዋጋ መኖር የሚችለው የትኛውን ሰነድ ሲይዝ፣ ስንት ዓመት ሲሞላውና ስንት ዓመት ሲቀመጥ እንደሆነ አብሮ አይነገርም። ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ጉዳዩ በሰሜን እንግሊዝ ይኖሩ የነበሩ ባልና ሚስትን ይመለከታል። በፈቃዳቸው ስማቸው አልተጠቀሰም፤ በዚህ ጽሑፍ በሙያቸው መምህሩና ነርሷ እየተባሉ ይጠራሉ። መምህሩ በአካባቢ አስተዳደር ሥር በሚተዳደር ትምህርት ቤት፣ ነርሷ ደግሞ በብሪታኒያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ውስጥ አገልግለዋል። በ2022 ኑሯቸውን ወደ አሊካንቴ ሲያዛውሩ መምህሩ የ63፣ ነርሷ የ60 ዓመት ሰዎች ነበሩ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም የሙያ ጡረታቸውን መቀበል ጀምረዋል፤ የመንግሥት ጡረታ ግን ለማንኛቸውም ገና አልደረሰም። ይህ የዕድሜ ልዩነት በመጀመሪያ ትንሽ ነገር መስሎ ቢታይም፣ ከጊዜ በኋላ የጉዳዩ ቁልፍ የሆነው እሱ ነው።

ከተማዋን የመረጡት በአንድ ጊዜ አልነበረም። በቅድሚያ የተመለከቱት ጣሊያንን ነበር፤ ምክንያቱም ጣሊያን ከ2019 ጀምሮ የውጭ ጡረታ ይዘው በደቡብ ክልሎቿ ትንንሽ ከተሞች ለሚሰፍሩ ሰዎች ከውጭ በሚያገኙት ገቢ ላይ 7 በመቶ ብቻ ግብር ታስከፍላለች። ግሪክም በ2020 ለአሥራ አምስት ዓመት የሚዘልቅ ተመሳሳይ የ7 በመቶ ሥርዓት አውጥታለች። በወረቀት ላይ ሲሰላ ሁለቱም ከስፔን ይሻላሉ። ነርሷ ግን ሌላ ስሌት ነበራቸው። የጣሊያኑ ማበረታቻ ለትንንሽ ከተሞች የተሰጠ በመሆኑ፣ ባዩዋቸው ቦታዎች ሁሉ ትልቅ ሆስፒታል ያለው በተራራ መንገድ ተጉዘው ከሚደርሱበት ከተማ ነበር። አሊካንቴ ግን ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ የሚኖርባት የአውራጃ መዲና ናት፤ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ በዶክተር ባልሚስ ስም የሚጠራው ዩኒቨርሲቲያዊ የሕዝብ ሆስፒታልም በከተማው ውስጥ ነው። (ባልሚስ የዚችው ከተማ ተወላጅ ሲሆኑ፣ በ1803 የፈንጣጣ ክትባትን ወደ ስፔን ቅኝ ግዛቶች ለማድረስ የተነሣውን ጉዞ የመሩ ሐኪም ናቸው።) በግብር የሚተርፈውን ገንዘብ ለሆስፒታል ቅርበት መለወጥ በስድሳ ዓመት ዕድሜ እምብዛም የሚታሰብ ምርጫ አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ትክክለኛ እንደነበረ ከሦስት ዓመት በኋላ ታይቷል።

ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ከመውጣቷ በፊት ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱም ሻንጣቸውን ይዘው ሄደው በአካባቢው ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ይበቃቸው ነበር። የሽግግሩ ጊዜ በታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ካበቃ ወዲህ ግን የብሪታኒያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በየ180 ቀኑ ውስጥ ከ90 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ መቆየት አይችልም። ስለዚህ ያመለከቱት መሥራት የማይፈቅደውን፣ በራስ ገቢ ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጀውን የመኖሪያ ፈቃድ ነው። የፈቃዱ መስፈርት ኢፕሬም በሚባል የስፔን የገቢ መለኪያ ላይ ይመሠረታል፤ ዋናው አመልካች የመለኪያውን አራት እጥፍ፣ አብሮት የሚሄደው የቤተሰብ አባል ደግሞ አንድ እጥፍ ማሳየት አለበት። በ2022 መለኪያው በወር 579 ዩሮ ገደማ ስለነበር፣ ለሁለቱ በዓመት ወደ 34,740 ዩሮ ማለት ነው። ከ2023 ጀምሮ መለኪያው 600 ዩሮ ሆኗል፤ ይህም የሁለቱን ድምር 36,000 ዩሮ ያደርሰዋል።

ያቀረቡት ገቢ ሦስት ምንጭ ነበረው፤ ከመምህሩ ጡረታ በወር 1,150 ፓውንድ ገደማ፣ ከነርሷ 900 ገደማ፣ በእንግሊዝ ካለው ቤታቸው ኪራይ ወጪ ተቀንሶ 850 ገደማ። ድምሩ በጊዜው ምንዛሪ ወደ ዩሮ ሲለወጥ በወር ከሚጠየቀው በአራት መቶና በአምስት መቶ ዩሮ መካከል ይበልጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሁለቱ በአሊካንቴ በወር የሚያወጡት ገንዘብ ከሚጠየቀው ገቢ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ከተማዋ ርካሽ ናት፤ መግቢያ በሯ ግን ርካሽ አይደለም። በሁለት ሺህ ዩሮ ተደስቶ መኖር የሚችል ባልና ሚስት፣ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ገቢ ካላሳየ ያንን ርካሽ ኑሮ የመኖር ፈቃድ አያገኝም።

ቤታቸውን ሸጠው ቢሆን ኖሮ የኪራዩ ገቢ አይኖርም ነበርና መስፈርቱን በወር ገቢ ማሟላት አይችሉም ነበር፤ የቀራቸው አማራጭ የሽያጩን ገንዘብ በባንክ ተቀማጭ አድርጎ ማሳየት፣ በየእድሳቱም ያንኑ መድገም ይሆን ነበር። ብዙ ጡረተኞች ከሀገር ሲወጡ ቤታቸውን የሚሸጡት ነገሩን በአንድ እልባት ለመቁረጥ ብለው ነው። ይህ ለልብ ዕረፍት ይሰጥ ይሆናል፤ ለቪዛው ግን አይበጅም።

ቀጥሎ የመጣው የጊዜ ጥያቄ ነበር። በመጀመሪያ ያሰቡት በግንቦት 2022 ለመሄድ ነበር። ያማከሯቸው የግብር ባለሙያ ግን እስከ ነሐሴ እንዲቆዩ መከሯቸው፤ ምክንያቱንም በሚገባ አስረዷቸው። ስፔን አንድን ሰው በግብር ነዋሪ የምትለው በአንድ የቀን መቁጠሪያ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ከኖረ ነው፤ ነዋሪ ከተባለም ዓመቱን ሙሉ ነው እንጂ ከገባበት ቀን ጀምሮ ብቻ አይደለም። ነርሷ 60 ዓመት ሲሞላቸው፣ በሚያዝያ ወር፣ ከወርኃዊው ጡረታ ጋር በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ተቀብለዋል። የነበሩበት የቀድሞው የጤና ሠራተኞች ጡረታ ዕቅድ የዓመቱን ጡረታ ሦስት እጥፍ ስለሚሰጥ፣ ገንዘቡ 32,000 ፓውንድ አለፍ ይላል። ይህ ገንዘብ በብሪታኒያ ግብር የለበትም። በስፔን ግን እንደ ማንኛውም የጡረታ ገቢ ይቆጠራል። በግንቦት ቢገቡ ኖሮ የ2022 ሙሉ ዓመት ነዋሪ ተብለው፣ ስፔንን ሳይረግጡ በሚያዝያ የተቀበሉት ገንዘብ ጭምር በስፔን ግብር ውስጥ ይገባ ነበር። በነሐሴ በመግባታቸው በዚያ ዓመት ሊኖሩ የሚችሉት ቀን ከ183 በታች ሆነ፤ የስፔን ግብር ግዴታቸውም ከጥር 2023 ጀመረ። የሦስት ወር መዘግየት ያስገኘው ጥቅም ከብዙ ወር የቤት ኪራይ በላይ ነው።

የግብሩ ጉዳይ ሌላም አስገራሚ ገጽታ አለው። በሁለቱ ሀገሮች መካከል ባለው የተደራራቢ ግብር ስምምነት መሠረት፣ ለመንግሥት አገልግሎት የሚከፈል ጡረታ ግብሩ የሚከፈለው ለከፋዩ ሀገር ብቻ ነው። የአካባቢ አስተዳደር መምህር ጡረታ በዚህ ክፍል ውስጥ ሲገባ፣ የብሔራዊ የጤና አገልግሎት ነርስ ጡረታ ግን አይገባም። ስለዚህ በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ የባንክ ሒሳብ ከሚገቡት ሁለት ጡረታዎች አንዱ ግብሩን ለብሪታኒያ፣ ሌላው ለስፔን ይከፍላል። የመምህሩ ጡረታ በስፔን ግብር ባይከፈልበትም፣ የቀረው ገቢ የሚከፍለውን መጣኔ ለመወሰን ይቆጠራል። የእንግሊዙ ቤት ኪራይ በሁለቱም ዘንድ ይታወጃል፤ በአንደኛው የተከፈለው በሌላው ይቀናነሳል። ቤቱ ራሱ ከ50,000 ዩሮ በላይ ዋጋ ያለው የውጭ ንብረት በመሆኑ፣ እስከ መጋቢት 31 ቀን 2024 ድረስ ቅጽ 720 በሚባለው ማስታወቂያ መገለጽ ነበረበት። በዚህ ቅጽ መዘግየት ያስከትል የነበረውን እጅግ ከባድ ቅጣት የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጥር 2022 የኅብረቱን ሕግ የሚጥስ ነው ብሎታል፤ የማስታወቁ ግዴታ ግን አልቀረም። ይህን ሁሉ የሠራላቸው በስፔን ሄስቶር የሚባለው ጉዳይ አስፈጻሚ ነው።

ቤት ከመግዛት ይልቅ ለመከራየት መወሰናቸው በጓደኞቻቸው ዘንድ እንደ ድክመት ታይቶ ነበር። በዚያ ጊዜ በቫሌንሲያ ክልል ያገለገለ ቤት የሚገዛ ሰው ከዋጋው ላይ 10 በመቶ የዝውውር ግብር ይከፍላል፤ የኖታሪ (የውል አረጋጋጭ) እና የምዝገባ ወጪ ከዚህ በላይ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ለሚሸጥ ሰው ይህ ገንዘብ የማይመለስ ነው። ሁለቱ ከመሐል ከተማው የገበያ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ የቆየ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት በወር 790 ዩሮ ተከራዩ። በስፔን የኪራይ ሕግ መሠረት አከራዩ ግለሰብ ከሆነ፣ ተከራዩ እስከፈለገ ድረስ ውሉ እስከ አምስት ዓመት ይራዘማል። ጉዳይ አስፈጻሚው ይህን ስለሚያውቅ፣ በመጀመሪያ የቀረበላቸውን የአሥራ አንድ ወር «ወቅታዊ» ውል እንዳይፈርሙ አስጠነቀቃቸው፤ እንዲህ ያለው ውል ለጊዜያዊ ቆይታ የታሰበ ሆኖ ሳለ የአምስት ዓመቱን ጥበቃ ለማምለጥ ጭምር ያገለግላል። የዓመታዊው ጭማሪ ጣሪያም ጠቅሟቸዋል፤ መንግሥት ለነባር ውሎች ያደረገው ገደብ በ2023 ሁለት በመቶ፣ በ2024 ሦስት በመቶ ስለነበር ኪራዩ አሁንም 850 ዩሮ ገደማ ላይ ነው። በዚያው ሕንጻ በቅርቡ የተከራየ ተመሳሳይ ቤት ግን ከአንድ ሺህ ዩሮ በላይ ተጠይቆበታል። ስለዚህ የእነሱ አሊካንቴና ዛሬ የሚመጣ ሰው የሚያገኛት አሊካንቴ አንድ ዋጋ የላቸውም። በቱሪስት ማረፊያነት የሚከራዩ ቤቶች መብዛት በስፔን ጠረፍ ከተሞች ኪራይን ያስወደደ ትልቅ ቅሬታ ሆኗል፤ በ2024 በባርሴሎናና በሌሎች ከተሞች ሰልፍ ያስነሣውም ይኸው ነው።

ስለ ቤቱ ሳይነሣ የማይታለፍ አንድ ነገር ቅዝቃዜው ነው። አሊካንቴ በዓመት ብዙ ፀሐይ፣ ጥቂት ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ በጥር ቀትር ላይ ኤስፕላናዳ በሚባለው የባሕር ዳር መሄጃ የእምነበረድ ወለል ላይ በሹራብ ብቻ መሄድ ይቻላል። የቆዩት ቤቶች ግን የተሠሩት ሙቀትን ለመከላከል ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ነጠላ መስታወት፣ ማሞቂያው ደግሞ በጎማ እግር ከክፍል ወደ ክፍል የሚገፋ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ነርሷ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀሉት የሙቀት መለኪያ በመጀመሪያው ክረምት ሌሊት 13 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ከእንግሊዝ የመጡ ሰዎች በሜዲትራኒያን ቤት ውስጥ ካልሲ ደርበው መተኛታቸውን ማንም የቤት ማስታወቂያ አይጽፈውም።

ኪራዩ የተወሰነው በዩሮ፣ ጡረታው የሚከፈለው በፓውንድ ነው። በገቡ በሁለተኛው ወር፣ የብሪታኒያ መንግሥት በመስከረም 23 ቀን 2022 ያወጀው የግብር ቅነሳ ዕቅድ ገበያውን አናግቶ ፓውንድ ከሦስት ቀን በኋላ ከዶላር አንጻር በታሪኩ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ወረደ፤ ከዩሮ አንጻርም ተዳከመ። አንድ ፓውንድ ከ1.16 ዩሮ ወደ 1.08 ቢወርድና እዚያው ቢቀር፣ የባልና ሚስቱ ወርኃዊ ገቢ 230 ዩሮ ያህል ይቀንስ ነበር፤ ከሚጠየቀው በላይ የሚተርፋቸው ገንዘብም በግማሽ ይወርድ ነበር። ምንዛሪው ብዙም ሳይቆይ አገገመ። ሆኖም በ2023ቱ እድሳት የሚጠየቀው የአንድ ሳይሆን የሁለት ዓመት በቂ ገቢ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ የስድስት ወር ኪራይ የሚሆን ገንዘብ በዩሮ ማስቀመጥ ጀመሩ። እንደ እኔ አመለካከት ይህን ከመነሻው ማድረግ ነበረባቸው፤ ከነርሷ የአንድ ጊዜ ክፍያ ላይ ማንሣት ይቻል ነበርና።

የጤናው ጉዳይ ከሁሉም ሰፊ ነው። የብሪታኒያ የመንግሥት ጡረታ ተቀባይ በስፔን ሲኖር ኤስ-1 የሚባል ቅጽ ከሀገሩ ተቀብሎ በስፔን ማኅበራዊ ዋስትና ያስመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ስፔናዊ ጡረተኛ በሕዝብ ሆስፒታል ይታከማል፣ ወጪውን ብሪታኒያ ትሸፍናለች። ይህ መብት ግን የሚጀምረው የመንግሥት ጡረታ ሲጀምር ነው። በ1959 የተወለዱት መምህሩ 66 ዓመት የሞላቸው በግንቦት 2025 ሲሆን፣ በ1962 የተወለዱት ነርሷ ግን የጡረታ ዕድሜው ከፍ በማለቱ የራሳቸውን የመንግሥት ጡረታ የሚያገኙት በ2029 ነው። ይህ መብት እስኪገኝ ድረስ ለፈቃዱ የሚጠየቀው በአገልግሎት ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ የማያስከፍል ሙሉ የግል የጤና መድን ነው። መምህሩ ለብዙ ዓመታት የደም ግፊት መድኃኒት ሲወስዱ ስለቆዩ፣ መድን ሰጪው ድርጅት ከዚህ ሕመምና እሱ ከሚያስከትለው ማንኛውም ችግር ጋር የተያያዘ ሕክምናን ከውሉ አስቀርቶታል። ፈቃዱ ግን በዚህ ምክንያት አልተከለከላቸውም። በዚህም የተነሣ ለሦስት ዓመት ያህል መምህሩ በየወሩ መድን እየከፈሉ፣ ሊደርስባቸው ከሚችለው ነገር ሁሉ ይበልጥ ለሚያሰጋው ነገር ግን መድን ሳይኖራቸው ኖሩ።

ሌላ መንገድ አልነበረም ማለት አይደለም። በስፔን አንድ ዓመት የኖረና በሌላ መንገድ የማይሸፈን ሰው ከሕዝቡ የጤና ሥርዓት ጋር ልዩ ውል መግባት ይችላል፤ ክፍያው ከ65 ዓመት በታች ላለ ሰው በወር 60 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ ላለው 157 ዩሮ ነው። ይህ ውል ቀደም ሲል የነበረን ሕመም አያስቀርም፤ ጉድለቱ ሐኪም የሚያዝዘውን መድኃኒት ሙሉ ዋጋ ራስ መክፈል ነው። መምህሩ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ይህን ማድረግ ይችሉ ነበር። አላደረጉም፤ የግል መድኑ ለእድሳቱ ያስፈልጋል፣ ሁለቱን መክፈል ደግሞ ብክነት ነው ብለው ነው። በወር 60 ዩሮ ማለት ለዚያ ክፍተት እጅግ ትንሽ ዋጋ ነበር።

የኤስ-1 ምዝገባው በሐምሌ 2025 ተጠናቆ መምህሩ ሲፕ የተባለውን የክልሉን የጤና ካርድ ከሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ተቀበሉ። በጥቅምት አንድ ማለዳ ስትሮክ መታቸው። ቁርስ ላይ ብርጭቆውን ያነሡበት ቀኝ እጃቸው ሲዝል፣ ነርሷ ፊታቸውን አይተው ሰዓቱን በወረቀት ጻፉና አምቡላንስ ጠሩ። የደም መርጋት የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከታየ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ውስጥ ብቻ በመሆኑ፣ ያች የተጻፈች ሰዓት ለሐኪሞቹ የመጀመሪያዋ መረጃ ሆነች። ሆስፒታሉ በከተማው ውስጥ ነበር። ለድንገተኛው ሕክምና፣ ለአልጋውና ለምርመራው የተጠየቁት ክፍያ የለም። ይኸው ነገር በግንቦት ደርሶ ቢሆን ኖሮ ድንገተኛ ሕክምናው አይከለከልም፤ ሒሳቡ ግን መድን ሰጪው ከውሉ ባወጣው ሕመም ምክንያት ወደ ራሳቸው ይመጣ ነበር።

ሕይወታቸው ተርፏል፤ መራመድም ጀምረዋል። የጎዳቸው ቋንቋ ነው። መምህሩ በሦስት ዓመት ውስጥ በትጋት የተማሩት ስፓኒሽ፣ በገበያ ዋጋ የሚከራከሩበት፣ ከጎረቤት ጋር ስለ እግር ኳስ የሚያወሩበት ስፓኒሽ ከስትሮኩ በኋላ ከእንግሊዝኛቸው ይልቅ ተጎድቶ ተገኘ። በማገገሚያ ክፍል ውስጥ ባለሙያዋ «ሌቫንቴ ኤል ብራሶ» ስትል፣ ክንዳቸውን ከማንሣት ይልቅ ወደ ሚስታቸው ይዞራሉ፤ ነርሷ በእንግሊዝኛ ሲደግሙላቸው ክንዱ በዝግታ ይነሣል። በሕክምናው ክፍል የቤተሰብ መገኘት ቢፈቀድም፣ ይህ ማለት ነርሷ በየቀጠሮው ሁሉ መገኘት አለባቸው ማለት ነው። የንግግር ሕክምናን ደግሞ በተጎዳባቸው ቋንቋ መከታተል ከንቱ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የግል ባለሙያ ቀጥረው ከኪሳቸው ይከፍላሉ።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ነው። ስፔን በ2006 ባወጣችው ሕግ ራሳቸውን ችለው መኖር ለማይችሉ ሰዎች እንደ ጉዳታቸው ደረጃ የቤት ረዳት፣ የቀን ማቆያ ወይም የገንዘብ ድጋፍ ትሰጣለች። ድጋፉን ለማግኘት ግን በስፔን አምስት ዓመት መኖር፣ ከዚያም ሁለቱ ከማመልከቻው በፊት ያሉት ተከታታይ ዓመታት መሆን አለባቸው። ባልና ሚስቱ አምስት ዓመት የሚሞላቸው በነሐሴ 2027 ነው። ኤስ-1 ሕክምናን እንጂ ለማልበስ፣ ለማጠብና ለመመገብ የሚቀጠርን ሰው አይሸፍንም። ጡረተኞች ሁለቱን ነገሮች እንደ አንድ ሲቆጥሩ ብዙ ጊዜ ይታያል።

በእንግሊዝ የምትኖረው ልጃቸው እንዲመለሱ ትወተውታለች። ተመልሶ የሚኖር ዜጋ የብሔራዊ የጤና አገልግሎቱን ወዲያው ያገኛል፤ የንግግር ሕክምናውም በራሳቸው ቋንቋ ይሆናል። የእንክብካቤው ወጪ ግን በእንግሊዝም ነጻ አይደለም፤ ከ23,250 ፓውንድ በላይ ሀብት ያለው ሰው ወጪውን ራሱ ይሸፍናል። ጊዜያዊ መመለስም ዋጋ አለው። የረጅም ጊዜ ነዋሪነት የሚሰጠው ለአምስት ዓመት ያለማቋረጥ ለኖረ ሰው ሲሆን፣ በእነዚያ ዓመታት ከስፔን ውጭ የሚያሳልፈው ጊዜ በድምሩ ከአሥር ወር፣ በአንድ ጊዜም ከስድስት ወር መብለጥ የለበትም። የበጋ ጉብኝት፣ የልጅ ልጅ መወለድ፣ የነርሷ እናት ሕመምና ቀብር ተደምረው ከአሥሩ ወር ከግማሽ በላይ አልቋል። መምህሩ ለማገገም በእንግሊዝ ስድስት ወር ቢቆዩ የአምስት ዓመቱ ቆጠራ ይፈርስባቸዋል።

ይህ ቆጠራ ለምን ያን ያህል እንደሚያስጨንቅ የሚገባው የነርሷን ገቢ ብቻውን ስናሰላ ነው። መምህሩ ከ2025 ጀምሮ በወር ወደ አንድ ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ የመንግሥት ጡረታ ስለሚቀበሉ የሁለቱ ገቢ ወደ 3,900 ፓውንድ ደርሷል። መምህሩ ቢሞቱ ያ ጡረታ በሙሉ ይቀራል፤ ከመምህርነት ጡረታቸው ለሚስት የሚተላለፈው ከግማሽ አይበልጥም። ለነርሷ የሚተርፈው የራሳቸው ጡረታ፣ ይህ ድርሻና የቤቱ ኪራይ ሲሆን፣ ተደምሮ 2,300 ፓውንድ ገደማ ነው። ገቢው በአርባ በመቶ ያህል ይወርዳል ማለት ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ መስፈርት ግን በዚያ መጠን አይወርድም፤ ለሁለት ሰው በወር 3,000 የነበረው ለአንድ ሰው 2,400 ዩሮ ይሆናል፣ ይህም ሃያ በመቶ ብቻ ቅናሽ ነው። ፓውንድ በ1.16 ሲመነዘር ነርሷ በሁለት መቶ ስድሳ ዩሮ ያህል ያልፋሉ፤ በ1.08 ሲመነዘር ግን ትርፉ ከመቶ ዩሮ በታች ነው። በዚህ ዝቅተኛ ምንዛሪ ቤቱ ለሁለት ወር ተከራይ ቢያጣ መስፈርቱን አያሟሉም። የረጅም ጊዜ ነዋሪነት ከተገኘ በኋላ ግን የገቢ መስፈርቱ ይቀራል፤ ካርዱ በየአምስት ዓመቱ የሚታደሰው ገቢ ሳይጠየቅበት ነው። ባልና ሚስቱ ከመሄዳቸው በፊት ይህን ስሌት አልሠሩትም ነበር፤ ያሰሉት የሁለት ጤነኛ ሰዎችን ኑሮ ነው። በእኔ ግምት ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያስብ ማንኛውም ባለትዳር ከሁሉ አስቀድሞ መሥራት ያለበት የአንዱን ሰው ስሌት ነው፤ የሁለቱ ሰው ስሌት ብዙውን ጊዜ ራሱን ይችላል።

የውርሱን ጉዳይ በአንድ ከሰዓት ጨርሰውታል። የስፔን ሕግ ለልጆች የግድ የሚደርስ ድርሻ ያስቀምጣል፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የውርስ ደንብ ግን አንድ ሰው የዜግነቱ ሀገር ሕግ እንዲሠራበት በኑዛዜው እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ሁለቱም በኖታሪ ፊት የእንግሊዝን ሕግ መርጠው አንዱ ለሌላው ተናዘዋል። ኑዛዜው የተፈረመው ከስትሮኩ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢሆን ኖሮ የመምህሩን ፈቃድ ማረጋገጥ ለኖታሪው ቀላል አይሆንም ነበር።

በ2026 መጀመሪያ ላይ የደረሱበት ውሳኔ እስከ ነሐሴ 2027 በአሊካንቴ መቆየት ነው። በሳምንት ለሦስት ቀን ለግማሽ ቀን የምትረዳ ሴት ቀጥረዋል፤ ደመወዟና የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮዋ የሚከፈለው ከመምህሩ የመንግሥት ጡረታ ነው። ነርሷ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ለመድረስ አሳንሰሩ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ስላሳሰባቸው፣ በሳን ሁዋን የባሕር ዳርቻ አካባቢ ምድር ቤት ሲፈልጉ ቆይተው ነበር፤ አዲስ ውል በዛሬው ዋጋ ከመግባት ይልቅ ግን የአምስት ዓመቱ ውል እስኪያበቃ ባሉበት መቆየትን መርጠዋል። ውሉ የሚያበቃው የረጅም ጊዜ ነዋሪነትና የእንክብካቤ ድጋፍ ማመልከት በሚቻልበት በዚያው ወር ነው። አከራዩ ቤቱን መልሶ ለማከራየት ፈቃደኛ መሆኑን ቢነግራቸውም፣ በስንት እንደሚያከራይ ግን እስካሁን አልገለጸም።